ያላጠፋችውን ይቅር ያላት አባት

አንድ ሰው አመነ በተባለ ማግስት ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ዘንበል፣ ፈገግታውን ሰፋ እንዲያደርግ ይጠበቅበታል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ወንጌል ውስጥ ግን የለም። ለስላሳ ድምፅ የጉሮሮ ጉዳይ ነው። አጭበርባሪም አለው፤ የበታቾቹን እየሳቀ የሚያስለቅስ የመሥሪያ ቤት አለቃም አለው። ይህን ለመጋረጃ ሰፊው የነገረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ባመነበት ዓመት ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው ሥራ ለስላሳ መሆን ነበር፤ ቤቱም ሱቁም አሳራቸውን በሉ።

ሰፈሩ «ክብሪት» ይለዋል። ፊት ለፊት ጋሼ፣ ዞር ሲል ክብሪት። የሚሰፋው ትልልቅ መጋረጃ ነው፤ የሆቴል፣ የአዳራሽ፣ የመድረክ። ሱቁ ምድር ቤት ላይ ነው። ሰፊ በር፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በዘይት የጠቆሩ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ያለቀ መጋረጃ የሚሰቀልበት ወፍራም ብረት አለ። ሚስቱ ጠርዙን በእጇ ትሰፋለች። አንድ ረጅም ሰውዬ ጥግ ላይ ቆሞ በእንፋሎት ካውያ ይተኩሳል፤ ቀኑን ሙሉ ጭስ ከፊቱ ስለማይጠፋ ባቡር ይሉታል።

ድሮ ክብሪት ሲናደድ ነገሩ ግልጽ ነበር። ቱግ ይላል፣ ጣሪያው እስኪነሳ ይጮኻል፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ያጋጫል፤ ደሙ ሳይበርድ ደግሞ «ሻይ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ብሎ ይቀመጣል። ካመነ ወዲህ ጩኸቱ ቀረ። ጆሮው ይቀላል፣ መንጋጋው ይቆለፋል፣ ከዚያ በጥርሱ መሀል «ጌታ ይባርክህ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሾልኮ ይወጣል።

«እትዬ፣» አለ ባቡር አንድ ቀን ለሚስትየው፣ «ድሮ ሲሰድበኝ ቢያንስ ምን እንዳጠፋሁ አውቅ ነበር። አሁን ‹እጸልይልሃለሁ› ብሎኝ ይሄዳል። ምን አድርጌ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እውላለሁ። ምናለ አንዴ ደደብ ብሎኝ ቢገላግለኝ?»

«ለኔም ትላንት ጸለየልኝ፣» አለች ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር።»

እምነቱ ግን የውሸት አልነበረም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሊሰቅል ሄዶ፣ መሰላል ላይ እንደቆመ ከሰባኪው ጋር ክርክር ገጠመ። መጋረጃው ተሰቅሎ ሲያልቅ ክርክሩ አላለቀም ነበርና ለክርክሩ ብሎ ተመላለሰ። በመጨረሻ ተረታ፤ በሕይወቱ ተረትቶ ደስ ያለው ያኔ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ያለ ምንም ሥራው፣ እንዲያው በከንቱ ይቅር እንዳለው አመነ። እስከዚህ ድረስ ትክክል። ስህተቱ ከዚያ ቀጥሎ መጣ። በነጻ የተሰጠውን በፈገግታ ሊከፍል ተነሣ። ሰው ሁሉ «ተለወጠ» እንዲልለት ፈለገ። ከሰው ሁሉ ይልቅ ደግሞ ይህን ቃል ከልጁ አፍ መስማት ፈለገ።

ልጁ ከሱቁ የወጣችው በግድግዳው ምክንያት ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ በተበላሸ ጨርቅ የተሞላ ነበር። ጨርቅ ያበላሸ ሠራተኛ፣ ያበላሸው ቁራጭ ቅጽል ስሙ ተጽፎበት እዚያ ላይ በምስማር ይመታል። የቤቱ ሥርዓት ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ ክብሪት እያስጎበኘ ያስቃል። ልጅቷ ገና ሥራ ስትማር፣ አባቷ የሳለውን ምልክት ተጠራጥራ ጨርቁን በራሷ እጅ ዳብሳ ቆረጠች፤ ተሳሳተችም። በደንበኞች ፊት ቁራጩን እየቸነከረ «ከአባቷ በልጣ!» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። በማግስቱ ሌላ ሱቅ ገባች። ቆራጭነቱን እዚያ ጨረሰች፤ ስሟም ወጣ። ለእናቷ ትመጣለች፣ ሱቁን ግን አትረግጥም።

አሁን አንድ ትልቅ ሥራ መጣ፤ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የመድረክ መጋረጃ፣ ጥቁር ቀይ ከፋይ። የክብሪት ቆራጭ ደግሞ አግብቶ ሌላ ከተማ ሄዷል። እናትየው ልጇን ለመነች። ልጅቷም አንድ ጠዋት መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች። ትንሽ ቆየችና ገባች።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ፣» አለ ክብሪት በዚያ በቀጭኑ ድምፅ።

«ደህና ነህ አባባ? ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?»

«ለምን?»

«ድምፅህ ነዋ።»

ባቡር ፊቱን እንፋሎቱ ውስጥ ደበቀ።

ልጅቷ ዐይኗን ወደ ግድግዳው አነሳች። «አሁንም እዚያው ነኝ?»

«ለክፋት አይደለም እኮ። ሰው ከስህተቱ እንዲማር ነው።»

«ያንተስ የትኛው ነው?»

ክብሪት ሊቀልድ «እኔማ ገና አላጠፋሁም!» አለ። ሳቀ። ብቻውን ሳቀ፤ ምክንያቱም ግድግዳው ላይ የእሱ የሆነ አንድም ቁራጭ አልነበረም።

«ይኸን አንድ ሥራ ብቻ ነው አባባ፣» አለችው መቀሷን እየፈታች። «ለእማዬ ስል ነው።»

«እንዳልሽ ልጄ፣ እንዳልሽ፣» አለ። በሆዱ ግን ይህ ሥራ ከማለቁ በፊት የተለወጠ አባት ሊያሳያት፣ ከዚያም በገዛ ፈቃዷ እንድትቀር ሊያደርጋት ቆርጦ ነበር። ምስኪን። ሰውን በትዕይንት መመለስ የሚቻል መስሎታል።

ከፋይ ጠጉር ያለው ጨርቅ ነው። በአንድ በኩል ሲዳብሱት እንደ ድመት ጀርባ ይለሰልሳል፤ በሌላው በኩል ሲዳብሱት እንደ ያልተላጨ ጉንጭ ይሻክራል። ልስላሴው ወደ ታች ሲሰቀል ቀለሙ አንድ ነው፤ ተገልብጦ ሲሰቀል ሌላ ነው። ስለዚህ ክብሪት ጨርቁን ገና ከጥቅሉ ሲዘረጋ በእጁ ዳብሶ፣ ጠጉሩ ወዴት እንደሚተኛ በጀርባው ላይ በጠመኔ ቀስት ይስላል። ቆራጭ ያንን ቀስት ተከትሎ ይቆርጣል። በዚህ ቤት ቆራጭ ጨርቅ አይዳብስም፤ የሚዳብሰው እሱ ብቻ ነው።

ከፋዩ በሁለት ጥቅል መጣ፤ አንዱ ለግራው ክንፍ፣ ሌላው ለቀኙ። የመጀመሪያውን እንደ ደንቡ ዳብሶ ቀስት ሳለበት። ሁለተኛውን ሊዘረጋ ሲል የአዳራሹ ኃላፊ ገባች። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር የያዘች፣ የምትቸኩል ሴትዮ ናት።

«ደረሰ ወይ?»

«በጌታ ፈቃድ ይደርሳል፣» አለ ክብሪት። «ደግሞ አይቸኩሉ። እኔም ድሮ ቸኳይ ነበርኩ። ስለ እኔ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ፣» አለች ሴትዮዋ በጥንቃቄ።

«የሰሙት ሁሉ እውነት ነው! እሳት ነበርኩ። ዛሬ ግን ቢሰድቡኝ አልመልስም። ትሕትና ማለት ምን መሰለዎት…»

እናም ትሕትናን ማስረዳት ጀመረ። ግራ እጁ አየር ላይ ትሕትናን ይስላል፣ ቀኝ እጁ ጨርቁ ላይ ቀስት ይስላል። ሁለተኛው ጥቅል ፋብሪካ ላይ በተቃራኒው ተጠቅልሎ ነበር። አንዴ ቢዳብሰው ኖሮ ያውቀው ነበር፤ የሚዳብሰው እጁ ግን ሌላ ሥራ ይዟል። ቀስቱን እንደ መጀመሪያው ጥቅል አደረገው። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየችና ሄደች። ልጅቷ ቀስቱን ተከትላ ቆረጠች። መኪናው ሰፋ፣ እናትየው ላይኛውን ሽብሽብና ታችኛውን ጠርዝ በእጇ ጨረሰች። የሴትዮዋን መምጫ ቀን ጠብቀው፣ በቀትር ሁለቱንም ክንፎች ብረቱ ላይ ሰቀሉ።

ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስትገባ ብርሃኑ አብሯት ገባ።

ግራው ክንፍ የበሰለ ወይን ይመስላል። ቀኙ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

«ሁለት ቀለም ነው እንዴ ያዘዝኩት?» አለች።

የክብሪት ጆሮ ቀላ፤ ቅላቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ሚስትየው መርፌዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ባቡር ካውያውን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ጫፍ አራቀው፤ የሚወረወር ነገር አጠገብ መሆን አልፈለገም።

«ማነው ይህን የቆረጠው?» አለ ክብሪት። አንድ ቆራጭ ብቻ እንዳለ እያወቀ።

ልጅቷ ወደ ቀኙ ክንፍ ሄደች። በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ዞራ ጀርባውን አየች፤ ለትንሽ ጊዜ እዚያ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣» አለች።

አሁን ክብሪት ውስጥ የሆነውን ሁሉም አዩ። ደረቱ ተነፋ፣ የግንባሩ ሥር ተነሣ፣ አፉ ተከፈተ። ከዚያ ዐይኑ ሴትዮዋ ላይ አረፈ። ይህቺ ሴት የነገራትን ሁሉ ልታይ መጥታለች። አፉን ዘጋ። በረጅሙ ተነፈሰ። ወደ ልጁ ተራመደና እጁን ራሷ ላይ ጫነ።

«ልጄ፣» አለ፣ ድምፁ ማር ሆኖ፣ «ሰው ነሽና ተሳሳትሽ። የድሮው አባትሽ ቢሆን ኖሮ… እሱን እንተወው። ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ!»

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እንዲህ ያለ አባት!» አለች። «የኔ አባት ቢሆን ጣሪያውን ነበር የሚያነሣው።»

«እኔ አይደለሁም፣ ጸጋው ነው፣» አለ ክብሪት አንገቱን ዘንበል አድርጎ። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ የጣፈጠችው ደቂቃ አልነበረችም።

«አመሰግናለሁ አባባ፣» አለች ልጅቷ። ሽሙጥ አልነበረበትም።

ሴትዮዋ እንዲስተካከል አደራ ብላ፣ ጠዋት ሥራዋ ላይ መልስ እንዲሰጧት ነግራ ሄደች። ክብሪት እያፏጨ መሰላሉ ላይ ወጣና ቀኙን ክንፍ ከብረቱ ነቀለ። ባቡር ከታች ተቀበለው። ጨርቁን በፊቱ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

በጀርባው ላይ ቀስት አለ። ራሱ ወፍራም፣ ጭራው አጭር ነው። እንዲህ ያለ ቀስት የሚስል ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው። ቀስቱ ወደ ታችኛው ጠርዝ፣ መሄድ ወዳለበት ያመለክታል፤ ልጅቷም ልክ እንደታዘዘችው ቆርጣዋለች። ክብሪት እጁን ከጨርቁ ሥር አስገብቶ ጠጉሩን ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ዳበሰው። ሻከረው።

ፉጨቱ መሀል ላይ ተቆረጠ።

«ጋሼ፣ ካውያው ውሃ ጨርሷል መሰለኝ፣» አለ ባቡር፤ ካውያውን ትቶ በባዶ እጁ ወጣ።

«ልጄ፣» አለ ክብሪት።

«አቤት አባባ።»

«ቀስቱን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም፣ ወደ ኋላ ስዞር።»

«ሴትዮዋ ቆማ እያለች?»

«አዎ።»

«ታዲያ ‹እኔ ነኝ› ያልሽው?»

«እኔ ነኛ የቆረጥኩት። ምን ዋሸሁ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ ስልሽ ደግሞ አመሰግናለሁ አልሽ!» ጮኸ። ይህ የራሱ ድምፅ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የከረመው።

«ምን ልበልህ ታዲያ? ‹ኧረ አባባ፣ ይቅር የምልህስ እኔ ነኝ› ልበል በሰው ፊት?»

እናትየው ሳቋ አመለጣትና በመጋረጃው ጫፍ አፏን ሸፈነች። ክብሪት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ስትቆርጪውስ? እጅሽ ምንም አልነገረሽም?»

«እዚህ ቤት ቆራጭ ጨርቅ ይዳብሳል እንዴ? ቀስት ነው የሚያየው። ይኸን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።» በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተች። «በደንብ ነው ያስተማርከኝ።»

ክብሪት ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። «ለምን አላዋረድሽኝም?» አለ። «ተራሽ ነበር እኮ።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ተደገፈች። «ከዚህ የወጣሁ ጊዜ ለዚህች ቀን ብዬ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር መሰለህ። በቃሌ ነበር የማውቀው። መንገድ ላይ ስሄድ ሁሉ እለማመደው ነበር። በኋላ ግን… እኔም ብዙ የታለፈልኝ ሰው ነኝ አባባ። አንተ ብቻ አይደለህም ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። የመጣሁ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ‹ግድግዳውን ሳይ አባቴን እንዳልጠላው አድርገኝ› ብዬ ነው የገባሁት። ቅድም ቀስቱን ሳየው ንግግሩ መጣልኝ፤ ሙሉውን፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ልናገረው ግን አልፈለግኩም። ገረመኝ፤ ሳልፈልገው ቀረሁ።»

ጸጋ ጣፋጭ ነው እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች ምናልባት ተቀብለውት አያውቁም። ለሌላው ሲሰጡት ማር ነው፤ ሰጪው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ እጁን በሰው ራስ ላይ ይጭናል። ለተቀባይ ግን መጀመሪያ መራራ ነው። ክብሪት ዓመት ሙሉ ስለ ጸጋ ሲያወራ ልክ ስለ ራሱ ንብረት እንደሚያወራ ነበር። አሁን ከአንዲት ልጅ እጅ፣ ያውም ከበደላት ልጅ፣ ሳይጠይቅ፣ ይባስ ብሎ እሷን ይቅር እያለ ተቀበለው። የሚመልስበት ነገር የለውም። ፈገግታ አይበቃም፤ ጥቅስ አይበቃም። አንድ ሰው ፊቱ ጠፍቶበት፣ የሚከላከልበት ቃል አጥቶ፣ እንደዚያው እንዳለ ሲወደድ ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቀ። ሰባኪው ምን ሊነግረው ይለፋ እንደነበረ ያኔ ገባው። እንባው መጣ፤ እሱም አናደደው።

ድንገት ብድግ ብሎ ጉጠት አነሣና ወደ ግድግዳው ተራመደ። «ዛሬ ይኸን ግድግዳ ባዶ ነው የማስቀረው!»

«ተቀመጥ፣» አለች ሚስትየው። ዓመታት ሙሉ ጩኸቱንም ጸሎቱንም በትዕግሥት የሰማች ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አሁን እሱን እየነቀልክ ታለቅሳለህ፣ እኛ ደግሞ ሥራ ፈተን ስናጽናናህ እንውላለን። የስፌት መፍቻውን ያዝ። ይኼ ክንፍ መገልበጥ አለበት።»

እውነቷን ነበር። ከፋዩ አልጠፋም። ላይኛው ሽብሽብና ታችኛው ጠርዝ ተፈትቶ፣ ክንፉ እንዳለ ተገልብጦ፣ ታቹ ላይ፣ ላዩ ታች ቢሆን ጠጉሩ ይስተካከላል። የተጨፈለቀውን ጠጉር የባቡር እንፋሎት ያነሣዋል። የቀረው መፍታት ብቻ ነው፤ እሱም ዐይን ያፈሳል፣ ወገብ ይቆርጣል። በቤቱ ሥርዓት ያበላሸ ሰው ብቻውን ይፈታል። ክብሪት መፍቻውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የሰፋሁትን እንደ ዶሮ ላባ አትንጨው፣» አለች ሚስቱ ትንሽ አይታው። «በሞቴ! ክሩ ወዴት እንደሚሄድ እያየህ!» ከጎኑ ቁጭ አለች። ልጅቷም በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠች። ባቡር ሲመለስ ሦስቱን መሬት ላይ አገኛቸውና «ማን ሞተ?» አለ።

«እኔ፣» አለ ክብሪት። «ና ተቀመጥ።»

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ የሚናገረውን አሰናዳ፤ የሚያዝንበትን፣ ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ ሳይቀር መረጠ። ሴትዮዋ ቢሮዋ ውስጥ ወንበር ታስቆጥራለች።

«የትላንቱ ጥፋት የልጄ አይደለም፣» አላት። «ቀስቱን የሳልኩት እኔ ነኝ። ስለ ትሕትናዬ ሳወራልዎት ነው የሳትኩት። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«እሺ። መጋረጃው ለአዳራሹ ምርቃት ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ግን እኔ…»

«ከደረሰ ጥሩ። እኔን ደግሞ ምን አደረጉኝ? ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁ እንጂ። ሲወጡ በሩን ይግፉልኝ፣ ነፋስ ይገባል።»

ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ ሳይደርስ ክብሪት ራሱን መንገድ ላይ አገኘው። ትንሽ እንደሄደ ሳቁ መጣ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ እስኪያየው ድረስ ቆሞ ሳቀ። ዓለም ሁሉ እሱ መለወጥ አለመለወጡን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መስሎት ነበር፤ ዓለም የምትፈልገው መጋረጃዋን ነው። እንዴት ያለ እረፍት ነው!

ሱቁ ሲገባ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ክር ትለቅማለች። ፊት ለፊቷ ቆመ። «ልጄ፣ ቀስቱ የኔ ጥፋት ነው። ግድግዳውም። በሰው ፊት ያሳቅሁብሽም። ይቅር በይኝ።» ጥቅስ የለ፣ ቀጭን ድምፅ የለ።

«እሺ፣» አለች።

«እሺ ብቻ?»

«ምን ልጨምርበት? ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዘላት።

ከዚያ ወዲህ ክብሪት እንደ ድሮው ይጮኻል። ይህን የሰሙ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ወደ ኋላ ተመለሰ» ብለው አዘኑለት፤ የሚያዝኑበት ነገር ማጣት ከባድ ነውና አይፈረድባቸውም። በሱቁ ውስጥ ያሉት ግን ልዩነቱን ያውቁታል። አንድ ቀን «እንፋሎቱን አበዛኸው አንተ ሰው! ጨርቁን ልትቀቅለው ነው?» ብሎ ባቡር ላይ ጮኸ። ባቡር በደስታ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ከዚያ ክብሪት ካውያውን አንሥቶ አገላብጦ አየ፤ ቧንቧው ነው የላላው። «ያንተ አይደለም። እኔ ነኝ የቸኮልኩት፣» አለ፤ ተቀምጦም ቧንቧውን ራሱ አጠበቀው። ይህ ዓረፍተ ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ቁጣው ጨርቁ ላይ ይወርዳል፣ ካውያው ላይ ይወርዳል፤ ሰውዬው ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ስህተቱ ሲነገረው የሚሞት ሰው አይደለም። አንዴ ሞቶ አይቶታል፤ ከሞተ በኋላም ሻይ ይጠጣል።

ግድግዳውን ማንም በሥርዓት አላወረደውም። የዘይት መጥረጊያ ሲያስፈልግ አንዱን ቁራጭ ይነቅላሉ፤ መስኮት ሲቆሽሽ ሌላውን። እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ።

የትምህርት ቤቱን መጋረጃ ሊሰቅሉ ወደ አዳራሹ የሄዱ ቀን ግን ክብሪት መሰላሉን ተሸክሞ ከኋላ ቀረ። ይህ ሲያልቅ ልጅቷ የገባችው ቃል ያልቃል። ቅሪ ሊላት ፈለገ፤ መሰላሉን ከትከሻ ትከሻ አዛወረ እንጂ አላላትም። የሚያሳያት ነገር አልቀረውም። ደግሞ ይቅርታ ያደረገች ልጅ አብራ የመሥራት ግዴታ የለባትም፤ ይህን አሁን ያውቃል። ከሄደችም የሰጠችው የሰጠችው ነው።

መሰላሉን እሱ ያዘ፣ እሷ ላይ ወጣች። ግራው ተሰቀለ። ቀኙ ሊሰቀል ሲል ልጅቷ ጨርቁን በመዳፏ ዳበሰችና «አባባ፣ መንጠቆው አንድ ቀለበት ዘሏል፣» አለች።

«አልዘለለም! ራሴ ነኝ የቆጠርኩት!»

«ዘሏል እላለሁ።»

ቆጠረ። «ዘሏል፣» አለ።

መብራቱ ሲበራ ሁለቱም ክንፎች አንድ ቀይ ሆነው ወረዱ፤ የበሰለ ወይን ቀይ። ሴትዮዋ ከኋላ ወንበሮች መሀል «ጎሽ!» አለች። ባቡር የራሱ ሠርግ ይመስል አጨበጨበ። ልጅቷ ከመሰላሉ ወርዳ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ተንጠራራች።

«ያ የመቁረጫ ጠረጴዛ ወገቤን ጨረሰው፣» አለች። «ለአጭር ሰው ነው የተሠራው። ከፍ መደረግ አለበት።»

ክብሪት መሰላሉን እያጠፈ ነበር። እጁ ቆመ። «ለማን ነው ከፍ የሚደረገው?»

«ለቆራጩ ነዋ።»

«ቆራጩ ማነው?»

«አባባ፣ አታድርቀኝ እንግዲህ።»

ክብሪት ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። ከዚያ ዞሮ በሙሉ ድምፁ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ፣ «ባቡር! እንጨት ፈልግ! ጠረጴዛውን ነገ ከፍ እናደርጋለን!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ያህል ጋሼ?»

«ይኼን ያህል፣» አለ በእጁ እያሳየ።

«በዛ፣» አለች ልጅቷ።

«ምኑ ነው የበዛው? አንቺ ዐይን የለሽም?»

«እጅ አለኝ። ዝቅ አድርገው።»

ዝቅ አደረገው፤ ትንሽ ብቻ። እሷም ትንሽ ገፋችው። ይህንኑ እየተጨቃጨቁ፣ መሰላሉን አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ተሸክመው፣ ከአዳራሹ ወጡ።